ከድንጋዩ የማይበረታ ጥገና

አቴንስ፣ አክሮፖሊስ ላይ ያለው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ በስተደቡብ አንዲት ትንሽ በረንዳ አለችው። ጣሪያዋን የተሸከሙት ካርያቲድ የሚባሉ ስድስት የሴት ሐውልቶች ናቸው። የተሠራችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። ብዙ መከራ አይታለች፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን አንዱ ጉዳት ሊያድናት ከተነሣ ሰው መምጣቱ ነው።

የጥንቶቹ ግንበኞች እብነ በረዱን እርስ በርሱ ያያያዙት በብረት ነበር። ብረቱን ግን እንዲሁ አልቀበሩትም፤ በቀለጠ እርሳስ አለበሱት። እርሳሱ ውኃና አየር ይከላከላል፤ ለስላሳ ስለሆነም ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ እሺ ይለዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ መሐንዲሱ ኒኮላኦስ ባላኖስ ሲጠግን ብረቱን ያለ እርሳስ ከተተው። ዝገት ከብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋልና ያበጠው ብረት እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. በ1979 በተጀመረው ጥገና ያ ብረት እየተነቀለ በታይታኒየም ተተካ፤ የጥንቶቹ ሐውልቶችም ወደ ሙዚየም ገብተው በምትካቸው ቅጂ ቆመ። አንዷን ግን የብሪታኒያው አምባሳደር ሎርድ ኤልጊን ቀድሞ ወስዷት ነበር፤ ዛሬም ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ታዲያ ቅጂ የተሸከማት በረንዳ ያችው በረንዳ ናት? ናት እላለሁ። በረንዳ ሥራ አለው፦ ጣሪያ ይሸከማል፣ መጪውን ከፀሐይና ከዝናብ ያስጠልላል። ያ ሥራ እስካልተቋረጠ ድረስ ድንጋይ ቢለወጥ በረንዳው አልሞተም። ቅጂው ግን ጥንታዊ ነኝ ብሎ ማታለል የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው የቬኒስ ቻርተርም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተተካው ከቀድሞው ጋር ይስማማ፣ ነገር ግን ተለይቶ ይታወቅ።

ከጥገና የሚመጣ ጉዳትን ጎንደርም ታውቀዋለች። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠገኑ፤ በኋላ በዩኔስኮ እገዛ ሲሚንቶው እየተነሣ ኖራው ተመለሰ። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ማርጀት ካለበትም ራሱ ተፈርፍሮ ድንጋዩን ያተርፋል። ሲሚንቶ ግን ውኃውን አፍኖ ይይዝና ጉዳቱን ወደ ድንጋዩ ያዞረዋል። ኖራ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ሰው የሚሸሸውም ለዚሁ ይመስለኛል። (ጥንካሬ ለምርቃት ቀን ያምራል።)

ያረጀ የድንጋይ በረንዳ ለማስጠገን ጨረታ የምታወጡ ሹማምንት ሆይ፣ ግንቡ የኖራ ከሆነ በሰነዱ ላይ «ኖራ» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚያድሰውንም ሰው በጀት አብራችሁ ያዙ።