የኤልያስ ቃልና የኤልዛቤል ደብዳቤ

የነገሥታትን ገመና በአደባባይ መግለጥ መቼ ጽድቅ፣ መቼስ ኃጢአት ይሆናል? ይህን ጥያቄ የነቢዩን ስም በተሸከመችው በደብረ ኤልያስ ሆነን ስናነሣው የናቡቴ ታሪክ ትዝ ይለናል (1 ነገ. 21)። ኤልዛቤል በንጉሡ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ልካ ናቡቴን በሐሰት ምስክር አስወገረችው። ኤልያስ ግን በንጉሥ አክዓብ ፊት ቆሞ በደሉን ነገረው። ሁለቱም ክስ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰውን ለማጥፋት፣ ሁለተኛው ለተበደለው ለመፍረድ ሆነ። አክዓብም ማቅ ለብሶ በተጸጸተ ጊዜ እግዚአብሔር ቅጣቱን አዘገየለት።

በአገራችንም ይህ ፈተና ደርሷል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የተሸሸገውን ረኃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ሰማ፤ እርዳታም መጣ። ይህ ስለሚሞቱት የተነገረ እውነት ስለሆነ የኤልያስን ቃል ይመስላል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ በመካከሉ አስገብቶ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። «ታዲያ ሕዝቡ ማወቅ አይገባውም ነበርን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ይገባው ነበር፤ ረኃቡን የሸሸገው ዝምታም ከባድ በደል ነው። ነገር ግን እውነቱ የተፈለገው የተራበውን ለማጉረስ ነበርን? በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ 10ኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ ያልቅ ነበር፤ ያም ረኃብ ከዓለም ዓይን ተሸሸገ። እውነትን ለሌላው ማዋረጃ ብቻ የወደደ ሰው፣ ወደ ራሱ ስትመጣ ይሰውራታል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የነገሥታቱ ቤተ ሰብ ገመና የጋዜጦች ሸቀጥ ሆነ። ልዕልት ዲያና ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲያሳድዷት በፓሪስ በመኪና አደጋ ሞተች። በ2000 ዓ.ም. የለንደን ጁሪ የሾፌሩንና የተከታዮቹን ተሽከርካሪዎች ከባድ ቸልተኝነት የሞቷ ምክንያት አደረገ። ሆኖም ጋዜጣውን የሚገዛ ባይኖር ኖሮ አሳዳጅም ባልኖረ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2477፣ ያለ በቂ ምክንያት የሰውን ነውር ለማያውቀው መግለጥ፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ኃጢአት መሆኑን ታስተምራለች። ንጉሥ በሌለበት በዛሬው ዘመንም ስለ ሹም፣ ስለ ካህን፣ ስለ ጎረቤት የሚነገር ወሬ በየደጃችን አለ። እንግዲህ ወሬውን ከመቀበላችንና ከማቀበላችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህ ቃል ለየትኛው ናቡቴ ይቆማል? የሚቆምለት ካለ እንደ ኤልያስ ሳንፈራ ፊት ለፊት እንናገር፤ ከሌለ ግን በእጃችን ያለው የኤልዛቤል ደብዳቤ ነውና አንላከው።