በገና በኀዘን ቤት



በሞላሌም ሆነ በሌላው የመንዝ አገር፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ኀዘን ይከብዳል። ለእንዲህ ያለው ሰዓት የሚስማማ መሣሪያ አለን፤ እርሱም በዐቢይ ጾም የሚደረደረው፣ 10 አውታር ያለው በገና ነው።

ዳዊት በገና ሲደረድርለት ሳኦል ዕረፍት ያገኝ ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ ግን አጽናኙ ዳዊት ራሱ ሙሾ አወረደ (2ኛ ሳሙ. 1)። ዜማው የሞቱትን አልመለሰለትም፤ ኀዘኑን ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚናገርበት አንደበት ሆነለት።

ስለዚህ እኛ ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ኀዘንተኛውን «አታልቅስ» አንበለው፤ አብረነው እንቀመጥ። በገና ደርዳሪ ቢገኝ ይደርድርለት፤ ባይገኝ የዳዊትን መዝሙር በዝግታ እናዚምለት።

በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ጌታ ሁላችንን ያጽናናን። አሜን።