ለዕቃ የሚሆን ቍልፍ ለነፍስ አይሆንም

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው በሙሐመድ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፦

ነጋዴው ወንድሜ፣ የልጆች አባት ሆይ! ቤትን መዝጋት ነውር እንዳይደለ እወቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሌሊት በሮች እንዲዘጉ አዘዋል። ነገር ግን ጥበቃ ልክ አለው፤ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ዘበኛው ራሱ ሌባ ይሆናል፤ የሚሰርቀውም ገንዘብን ሳይሆን ነፍስን ነው።

በመቀሌ፣ በዓይናለም ያለውን ቤትህን ዞረህ ተመልከት። አጥሩ ድንጋይ፣ በሩ ብረት፣ መስኮቱ ፍርግርግ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ የነበረው ጦርነት በልብህ የተወውን ፍርሃት ማንም አይነቅፍብህም። ሆኖም ልጆችህን ከውጭ ቈልፈህባቸው፣ ቍልፉን በኪስህ ይዘህ ወደ ሱቅ ብትሄድ፣ እሳትም በማድ ቤት ቢነሣ፣ በየት ይወጣሉ? ፍርግርጉ የሌባን እጅ እንደሚከለክል ሕፃኑንም ይከለክላል። የዓይናለም ጕድጓዶች መቀሌን ያጠጣሉ፤ ጎረቤት ውኃ ይዞ ቢደርስ ግን በተዘጋ በር ፊት ምን ይጠቅማል?

በነቢዩ ዘመን በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ ተቃጠለ። ነቢዩም ይህን በሰሙ ጊዜ እሳት የሰው ጠላት መሆኑን አስታውቀው፣ ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ አዘዙ። የከሰል ምድጃም እንዲሁ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውምና የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል። እንግዲህ የደጁን ጠላት ስትፈራ የውስጡን ጠላት ከልጆችህ ጋር አትቈልፍ። በ1994 ዓ.ም. በመካ በአንዲት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እሳት ተነሥቶ 15 ልጃገረዶች ሞቱ፤ በሩ ተቈልፎ ነበር፤ የተቈለፈውም ለጥበቃ ነበር።

«ሌባ ቢገባብኝስ?» ትል ይሆናል። ሌባ የወሰደውን ሸቀጥ ንግድ ይመልሰዋል፤ የሞተን ልጅ ግን የትኛው ገበያ ይመልሳል? እያንዳንዳችን እረኞች ነን፤ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን። ጅብን ፈርቶ በጎቹን በበረት ውስጥ ያፈነ እረኛ በዚያ ቀን ምን ይመልሳል?

ስለዚህ ሸቀጥህን ለብቻው ቈልፍ፤ ልጆችህንም ያለ ታላቅ ሰው ዘግተህባቸው አትሂድ። ቢያንስ አንዱ የመስኮት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ቍልፉን ቤተ ሰብ ሁሉ በሚያውቀው፣ የሌባ እጅ ግን በማይደርስበት ስፍራ አኑር፤ ልጆችህንም በቀን መክፈት አለማምድ፣ በሌሊት በጭንቀት እንዳይፈልጉት። ከሰሉን ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ አውጣ። ይህን ሁሉ ከፈጸምህ በኋላ በአላህ ተመካ፤ መመካት ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነውና።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላም ማደሪያ ያድርግልን፤ አሚን።