በሰው አገር ማዕድ ፊት

ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር የሄደ የተዋሕዶ ልጅ፣ በጾም ወራት ሰዎች በፍቅር ባቀረቡለት ማዕድ ፊት ሲቀመጥ ጾሙን ይጠብቅን፣ ወይስ ስለ ፍቅር ይፍታ? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ከፊሉ ሰው «ጾም ጾም ነው፤ ምን ጥያቄ አለው?» ይላል። ከፊሉም «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንጂ ሆድን አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ጠያቂውን ሳያዳምጡ የተሰጡ መልሶች ስለሚመስሉን፣ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ወደድን።

ለምሳሌ እንዲመቸን ተማሪው ከዘንገና አካባቢ ተነሣ እንበል። ዘንገና በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ለሚያይ ሰው ትንሽ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብሱና ድንቹ፣ ማሩና ቀርከሃው፣ ከሁሉም ይልቅ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ በዓላቸውን የሚያከብሩት ፈረሰኞቹ የታወቁ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ልጅ በቤቱ አገውኛ ይናገራል፤ አማርኛን ከገበያና ከትምህርት ቤት ያገኛል፤ የግዕዙን ዜማ ከቅዳሴ ይሰማል፤ እንግሊዝኛንም በትምህርት ቤት ይጨምራል። እንግዲህ ፈረንሳይኛ አምስተኛው ነው። በሰው ቋንቋ መማርን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ለመደው፣ ብርድንም ስለማይፈራ፣ ፓሪስ በደረሰ ጊዜ ከቋንቋውና ከክረምቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ምሳው ነው።

ለትምህርት ከቤት መውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎጃም ምድር የቅኔ ምድር በመሆኑ፣ ዋሸራም ጎንጅም ዲማም ከሩቅ አገር በመጡ ልጆች የተሞሉ ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚሰጠውን ቁራሽ መርጦ አልበላም። ቢሆንም ቁራሹን የሚሰጡት ሰዎች እንደ እርሱ የሚጾሙ ስለ ነበሩ፣ በዓቢይ ጾም ቅቤ የገባበት ወጥ የሚያቀርብለት አልነበረም። የእርሱ ፈተና ራብ ነበረ። የዛሬው ተማሪ ፈተና ግን ጥጋብ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ፈረንሳይም ብትሆን በአጀማመርዋ ከዚህ የራቀች አልነበረችም። ዛሬ ስሙ በዓለም የገነነው ሶርቦን፣ ሮቤር ደ ሶርቦን የተባለ የንጉሥ ሉዊ 9ኛ ካህን በ1257 እ.ኤ.አ. ገደማ ድኆች የሆኑ የነገረ መለኮት ተማሪዎች እንዲያድሩበትና እንዲማሩበት ያቆመው ቤት ነበረ። ይህን የምናነሣው፣ ልጆቻችን ወደዚያ ሲሄዱ ጥንቱን ፈጽሞ ባዕድ ወደ ሆነ ሥፍራ እንደሚሄዱ አድርገን የምንናገርበት ልማድ ትክክል መስሎ ስለማይታየን ነው።

የእኛም ሰዎች መንገዱን ካገኙት ቆይተዋል። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ከባቡሩ ወደ መርከብ፣ ከመርከቡም ወደ ማርሴይ የሚወርዱ ወጣቶች በረከቱ። ከነዚያ መካከል ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የካህን ልጅ ነው። አክሊሉ ሀብተ ወልድ አባቱ አለቃ ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ እርሱ በእስክንድርያ በፈረንሳዮች ትምህርት ቤት፣ ኋላም በፓሪስ ሕግ ተማረ፤ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በዚያው በፓሪስ ስለ አገሩ ተከራከረ፤ ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደለ። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በፈረንሳይ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ወጣት ታሪክ «አርአያ» ብለው በ1941 ዓ.ም. አሳትመዋል። የመጽሐፉ ስም ራሱ፣ ያ ትውልድ ከባሕር ማዶ የሚመለሰውን ልጅ ምን አድርጎ ይጠብቀው እንደ ነበረ ይናገራል።

ወደ ምሳው እንመለስ። የፈረንሳይ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት በርካሽ ዋጋ ይመገባል፤ የኛም ልጅ ወረፋ ይዞ ከነርሱ ጋር ይሰለፋል። ምግብ ቤቱ የምሳ ማዕዱን የሚያቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው እንግዲህ ከቅድስናው በቀር በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። (ዓርብ ቀን ዓሣ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች እስካሁን ብዙ ናቸው፤ ይህም አባቶቻቸው ዓርብን ከሥጋ ይከለክሉ የነበረበት ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ምክንያቱን የረሳ ሕዝብ ልማዱን ሲጠብቅ ማየት ያስደንቃል።) ከትምህርቱ በኋላ ሥራ አለ። የፈረንሳይ ሕግ የውጭ አገር ተማሪ በዓመት 964 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ ብዙዎችም ይህን ሰዓት በምግብ ቤት ጓዳ ሳሕን በማጠብ፣ ወይም ሌሊት ቢሮ በማጽዳት ይጨርሱታል። የሌላውን ሰው የሥጋ ትራፊ እየጠረገ፣ በራሱ ሆድ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳይገባ የሚቆመውን ወጣት በዓይነ ልቡናችን እንየው። ስለ ጾም በምቾት የምንጽፍ ሰዎች ይህን ሳናስብ ብዕር ማንሣት አይገባንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም እንጂ ጥያቄ አይደለም። ድካም ለጾም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰውነቱ የታመመ እንደ ሆነም ፍትሐ ነገሥቱ ለሕመምተኛ መንገድ አበጅቶለታል። ጥያቄው የሚመጣው ታኅሣሥ 16 ቀን ገደማ ነው። ያን ቀን ፈረንሳዮች የጌታን ልደት ያከብራሉ፤ እኛ ግን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የያዝነው የነቢያት ጾም ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ተማሪ ሁሉ ወደየቤተ ሰቡ ሄዶ፣ ማደሪያው ባዶ ሆኖ፣ ይህ ልጅ ብቻውን እንዳይቀር ያዘነለት የትምህርት ጓደኛው ወደ ወላጆቹ ቤት ይወስደዋል። አሮጊቲቱ አያት ከትናንት ጀምሮ የደከሙበትን ዶሮ፣ በቅቤ የታሸውን ምግብ በፊቱ ያኖራሉ። ያከበሩትም የእርሱንም ጌታ ልደት ነው። ምን ያድርግ?

ይብላ የሚሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ፣ የተቀበላቸው ቤት ያቀረበላቸውን እንዲበሉ አዝዞአል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም የማያምን ሰው ቢጠራ ሳይመረምሩ እንዲበሉ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎአል። ከሁሉም የሚበረታው ግን የሙሴ ጸሊም ታሪክ ነው። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ይህ ቅዱስ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው ይባላል። በአንድ ወቅት በገዳመ አስቄጥስ ሳምንቱን ሙሉ እንዲጾም ታወጀ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ ወንድሞች ሊጠይቁት መጡና ሙሴ ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ለአባቶች ከሰሱት። አባቶችም ማኅበሩ በተሰበሰበበት፣ የሰውን ትእዛዝ ሽሮ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ ተናገሩለት። እንግዲህ ሙሴ ጸሊም ስለ እንግዳ ፍቅር ከታወጀ ጾም በላይ ከሄደ፣ የዘንገናው ተማሪ ስለ አሮጊቲቱ ፍቅር ለምን አይሄድም? ይላሉ።

ይህን ታሪክ አቃልሎ ማለፍ አይቻልም፤ አናልፈውምም። ነገር ግን ልብ ብለን እናንብበው። ድስቱን የጣደው ማን ነው? ባለቤቱ ነው እንጂ እንግዳው አይደለም። ሙሴ ሥርዓቱን ያላላው መንገድ ላደከማቸው ለሌሎች ነው፤ ለራሱ የምግብ ፈቃድ ሊያገኝበት አይደለም። ፍቅር ዝቅ እንዲል የተጠየቀው በአስተናጋጁ በኩል ነው። በፈረንሳዩ ቤት አስተናጋጆቹ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ታሪኩን በትክክል ካገናዘብነው፣ የሙሴ ዕድል የደረሳት አያቲቱ ናት፤ ለእንግዳዋ ስትል የራስዋን የበዓል ልማድ ጥቂት ለማጠፍ የምትችለው እርስዋ ናት። ይህን ታደርግ ዘንድ ግን አስቀድማ ማወቅ ይገባት ነበር። ልጁ ሳይነግራት ቀርቶ በማዕዱ ፊት በድንገት ቢጾም ድካምዋን ያዋርዳል፤ ሳይነግራት ቢበላም እርስዋ ለማድረግ የምትወደውን በጎ ነገር ከእጅዋ ይነጥቃል። እንግዲህ የጥያቄው ቁልፍ ያለው ከማዕዱ ፊት ሳይሆን ከሳምንት በፊት ነው።

ዳንኤልና ሦስቱ ሕፃናት ይህን ከእኛ አስቀድመው አውቀውታል። እነርሱም በባዕድ አገር የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ቋንቋና መጽሐፍ እንዲማሩ ታዝዞ ነበር። ስለ እነርሱ ሲሰበክ ዘወትር የምንሰማው የንጉሡን ምግብ እምቢ ማለታቸውን ነው። መጽሐፉ ግን ከዚያ ይልቅ የሚያቆየን በአጠያየቃቸው ላይ ነው። ዳንኤል ገበታውን አልገለበጠም፤ ወደ ኃላፊው ሄዶ ለመነ። ኃላፊው ስለ ራሱ ሕይወት ፈራ፤ ዳንኤልም ፍርሃቱን አልናቀበትም፤ ዐሥር ቀን በጥራጥሬና በውኃ እንዲፈትናቸው ብቻ ጠየቀ። የባቢሎንን ትምህርት ሳይጠሉ ተማሩት፤ የባቢሎንን ሰው ሳያዋርዱ ከማዕዱ ራቁ። ስሞቻቸው እንኳ ሲለወጡ የተከራከሩ አይመስልም።

«ጌታ ስትጾሙ ለሰው አትታዩ ብሎ የለምን? መናገርስ መታየት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ጌታ የከለከለው ግን ከሰው ምስጋና ለማግኘት መታየትን ነው። በፓሪስ ጾመኛን የሚያመሰግነው የለም፤ ያዝንለታል ወይም ይስቅበታል። ከንቱ ውዳሴ የሚያሰጋው ሁሉ በሚጾምበት በዘንገና ነው እንጂ በዚያ አይደለም። በዚያ የሚያሰጋው ሐፍረት ነው።

ስለ ሐፍረት ከተነሣ አንድ የዛሬ ዘመን ብልሃት አለ። በፈረንሳይ ዛሬ ሥጋም ወተትም የማይቀምሱ፣ «ቬጋን» የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ማንም አይደነቅባቸውም። አንዳንድ ወጣት «ጾም ላይ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ቬጋን ነኝ» ማለትን ይመርጣል። ሳሕኑ ያው ነው፤ ምስሩም ያው ነው፤ ጠያቂም ወዲያው ዝም ይላል። ይህ ሐሰት ነውን? ምላሱ ስለ ሳሕኑ እውነት ተናግሮአል። ስለ ራሱ ግን አልተናገረም። እኛ ይህን ከጴጥሮስ ክሕደት ጋር የሚያስተካክሉትን አንከተልም፤ ለቸኮለ የምግብ ቤት አሳላፊ ሃይማኖትን መተረክ ግዴታ አይደለምና። በማዕዱ ላስቀመጠው ወዳጅ እንዲህ ሲል ግን፣ ወዳጁ ሌላ ሰው አድርጎ እንዲወድደው ያደርጋል። ኋላም በፋሲካ ሥጋ ሲበላ ያየው ጓደኛ «አታለልከን» ቢለው ምን ይመልሳል?

ከሐፍረቱም የሚብስ አለ። እሑድ ማታ በስልክ እናቱ ከአዊ ደጋ ትጠይቀዋለች፤ «ልጄ፣ ጾሙን ያዝህ ወይ?» ትላለች። በሻንጣው ሽሮና በርበሬ፣ በሶና የገብስ ቆሎ የጨመረችው ስለዚህ ነገር አስባ ነው። እርሱም «አዎ እማዬ፣ ይዣለሁ» ይላታል፤ በሬ ሸጣ ያስተማረችውን እናት ማሳዘን ይከብደዋልና። በዚህ ቃል የጾሙን መፈታት የሚያህል፣ ምናልባትም የሚበልጥ ነገር ጠፍቶአል። ጾም የፈታ ልጅ በንስሓ ይመለሳል፤ ለእናቱ መዋሸትን የለመደ ግን ከሩቅ ሊያርመው የሚችለውን ብቸኛ ድምፅ ዘግቶአል። በዚህ ረገድ ወላጆችንም ከወቀሳ ነፃ አናደርጋቸውም። እናቲቱ «ያዝህ ወይ?» ስትል መልሱን አስቀድማ ሰጥታዋለች። «ምን እየበላህ ነው? ከማን ጋር ትበላለህ?» ብትለው ኖሮ እውነቱን ለመናገር በር ይከፈትለት ነበር።

ለካህናት አባቶቻችን የምናቀርበው ልመናም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ልጅ ለስንብት ሲመጣ መስቀል አሳልመን፣ ጠበል አጠጥተን፣ «ሃይማኖትህን ጠብቅ» ብለን እንሸኘዋለን። ቃሉ ደግ ነው፤ በታኅሣሥ 16 ቀን ግን ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። የነፍስ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጦ፣ የትምህርቱንና የሥራውን ሰዓት ጠይቆ፣ አቅሙ የሚችለውን ልክ አስቀድሞ ቢወስንለት፣ ከዚያም በየጊዜው በስልክ ቢጠይቀው፣ ልጁ በራሱ ፈራጅ ከመሆን ይድናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የማይችል ተማሪ የሰዓቱን ነገር ለነፍስ አባቱ አስታውቆ፣ ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ቢጠብቅ፣ ሁሉን በአንድ ቀን ከሚጥለው እጅግ ይሻላል። ይህ ሥርዓትን ማላላት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ብዙ ልጆች ጾምን የተዉት ከፊሉ ብቻ ሊቻል እንደሚችል የሚነግራቸው በማጣታቸው እንደ ሆነ ይመርምር።

ለግብዣውም ሊናገረው የሚገባውን ቃል በፈረንሳይኛ አጥንቶ ይሂድ፤ አስቀድሞም ለጓደኛው እናት ይንገር፤ «እኛ የልደቱን በዓል የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሥጋና ቅቤ አንቀምስም፤ እናንተ ዘንድ መጥቼ አብሬአችሁ መቀመጥን ግን እጅግ እወዳለሁ» ይበል። በእኛ ልደት ቀንም በተራው እርሱ ይጋብዛቸው። ያ ቀን ብዙ ጊዜ ፈተና ከሚቀርብበት ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ በተማሪዎች ማደሪያም ወጥ ቤቱ የጋራ ስለ ሆነ፣ ሽንኩርቱን ለማብሰል የሚፈጀውን ጊዜ ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይኖርበታል። እናቱ የላከችው በርበሬም ለአንድ ዶሮ ይበቃል።