«ሞት ነኝ» ወይስ «ሞት ሆኛለሁ»?

እ.ኤ.አ. በ1965 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት የተቀመጠው የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ኦፔንሃይመር ፊቱ የከሳ፣ ዓይኑን ወደ ታች የጣለ ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1945፣ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሲፈነዳ ጥቂቶች እንደሳቁ፣ ጥቂቶች እንዳለቀሱ፣ የሚበዙት ግን ዝም እንዳሉ ያስታውሳል። ቀጥሎም ከሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ከባጋቫድ ጊታ፣ አንድ ቃል ትዝ እንዳለው ይናገራል። ተናጋሪው አምላክ ነው፤ ራሱን ሞት፣ ዓለማትንም አጥፊ ብሎ ይጠራል። ኦፔንሃይመር ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲያቀርበው የመረጠው ግሥ «አም ቢካም» የሚል ነበር። የዛሬ ተናጋሪ ቢሆን «ሃቭ ቢካም» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕይወቱ በፊልም ከቀረበ ወዲህ፣ ሊቁ ሰዋስው ስቶ ይሆን ብለው የሚጠይቁ በርክተዋል።

አልሳተም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ያለቀን ድርጊት የሚናገረው በሁለት ረዳት ግሦች ነበር። እንደ መግደልና መሥራት ያሉት፣ ድርጊታቸው በሌላ ነገር ላይ የሚያርፍ ግሦች፣ «ሃቭ»ን ያስከትላሉ። መምጣት፣ መሄድ፣ መነሣት፣ መሆን ግን አድራጊውን ራሱን ስለሚለውጡት የሚሄዱት ከ«ቢ» ጋር ነው፤ ከእኛው «ነው» ጋር እንደ ማለት። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ዛሬም ይህን ልዩነት አልጣሉትም። እንግሊዝኛ ግን «ሃቭ»ን ቀስ በቀስ ለሁሉም አለበሰው፤ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲያበቃ አሮጌው ቅርጽ የቀረው በቅኔ፣ በጸሎትና በጥቂት የዘወትር አነጋገሮች ውስጥ ነበር።

ልዩነቱ የጆሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በባዶው መቃብር አጠገብ ያለውን የምሥራች የሚናገረው «ኢዝ ሪዝን» ብሎ ነው። ከኋለኞቹ ትርጉሞች አንዳንዶቹ «ሃዝ ሪዝን» ብለውታል። ሁለተኛው በዚያ ማለዳ የተፈጸመውን ይዘግባል። የመጀመሪያው ግን መነሣቱን ከተነሣው አካል ላይ አይለየውም፤ አሁንም ትንሣኤ ላይ ነው ያለው ያሰኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማኞች ለፋሲካ ሰላምታቸው አሮጌውን ቅርጽ እስከ ዛሬ ያልተዉት ያለ ነገር አይመስልም።

ወደ ጊታው እንመለስ። ኦፔንሃይመር ሳንስክሪትን ያጠናው እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በበርክሌይ ከአርተር ራይደር ዘንድ ነው። በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ግን «መሆን» የሚባል ለውጥ ጨርሶ የለም። ያለው «አስሚ» ነው፤ «ነኝ» ማለት ነው። «ሞት» የተባለውም ቃል «ካላ» ነው፤ ቀዳሚ ፍቺው ጊዜ ሲሆን ሞትንም ይጨምራል። ራሱ ራይደር እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ትርጉም ውስጥ «አም ቢካም» አይገኝም። አምላክ ሞት አልሆነም፤ ጥንትም ነበረ። የሚሆነው ሰው ነው።

የጊታው ትዕይንት ይህን ያከብደዋል። ወታደሩ አርጁና ዘመዶቹንና መምህራኑን መግደል አቅቶት ቀስቱን ጥሏል። አምላኩ ክሪሽና እነዚህ ሰዎች በእኔ ዘንድ አስቀድመው ሞተዋል፣ አንተ መሣሪያ ብቻ ሁን ይለዋል። ስለዚህ በዚያ በረሃ የቆመው ፊዚክስ ሊቅ በታሪኩ ውስጥ ቦታው የአምላኩ ሳይሆን የወታደሩ ነበር ማለት ይቻላል። በግሡ ግን የአምላኩን ወንበር ተውሷል፤ ተውሶም «ነኝ» ላይ ሰው ብቻ የሚያውቀውን «መሆን» ጨመረበት።

ይህን ቅርጽ ከየት ለመደው? በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ጆሮ ውስጥ የከተተው የ1611ዱ መጽሐፍ ነው። እዚያ ቅርጹን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ የተጎዱ ሰዎች ናቸው። ኢዮብ ትቢያና አመድ መምሰሉን፣ መዝሙረኛው ለወንድሞቹ ባዕድ መሆኑን፣ ጳውሎስም ፍቅር ከሌለው የሚጮኽ ናስ መሆኑን የሚናገሩት በዚሁ ነው። ሁሉም «ይህን አደረግሁ» አይሉም፤ ሆነው ነው የተገኙት። አንድ ቦታ ላይ ግን እግዚአብሔር ራሱ ስለ ሰው ይናገርበታል። በዘፍጥረት 3፥22 አዳም መልካምንና ክፉን በማወቅ እንደ አምላክ መሆኑ የሚነገረው በዚሁ ግሥ ነው። ቦምቡን የሠሩትን ሰዎች የሚያሳስብ ጥቅስ ቢፈለግ ከጊታው ይልቅ ይህ ይቀርባል።

ባለቅኔው ቴኒሰን እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «ዩሊሲስ» ደግሞ ያረጀው ተጓዥ ንጉሥ በሕይወት እያለ ወደ ስም መለወጡን በዚሁ ቅርጽ ይናገራል። አድራጊው ከሥራው በኋላ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

አማርኛ አንባቢ በዚህ መገረም የለበትም፤ እንግሊዝኛ የጣለውን እርሱ በየቀኑ ያነሣዋል። «ሆኛለሁ» ሲፈታ «ሆኜ» የሚለው ቦዝ አንቀጽና «አለሁ» ነው፤ ሆኜ፣ በሆንኩት ላይ አለሁ። የጳውሎስን ናስ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሰማው «ሆኜአለሁ» ብሎ ነው፤ የመቃብሩንም ዜና «ተነሥቶአል» ይለዋል። ተነሥቶ አለ። በዚህ ስሌት «ሞቷል» ደግሞ «ሞቶ አለ» ይሆናል፤ ለቀብር ሰባኪ መልካም ሲሳይ ነው፤ ግን ነገረ መለኮትን ከሰዋስው መጭመቅ አደገኛ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ባር እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መጽሐፍ የዚህን ዓይነቱን ፈሊጥ አጥብቆ ነቅፎታል። «ሞቷል» የሚል ሁሉ በትንሣኤ ሙታን አያምንም፤ «ሃቭ» የሚል እንግሊዛዊም ለውጥ አይነካውም ማለት አይደለም።

ቢሆንም ተናጋሪው ሁለት ቅርጾች እያሉት አንዱን ሲመርጥ ምርጫው ይናገራል። «አም ቢካም» ግርማ አለው፤ በዚያው መጠን ይሸሽጋል። ማን አደረገው፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ የሚለው ጥያቄ ሁሉ «ነኝ» ውስጥ ይሰጥማል። የሂሮሺማ ሰው ሊሰማ የሚሻው ተናጋሪው ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳደረገ ይመስላል። ኦፔንሃይመር በሌላ ቀን ወደዚህ ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ንግግር፣ የፊዚክስ ሊቃውንት ኃጢአትን ማወቃቸውን ተናግሯል፤ ይህም እውቀት ሊጠፋላቸው እንደማይችል። እዚያ የተጠቀመው ረዳት ግሥ «ሃቭ» ነበር። ብዙ ባልደረቦቹ በዚህ ንግግር ተቆጥተዋል፤ በጊታው ቃል ግን የተቆጣ ብዙ አይሰማም።

ወንድሙ ፍራንክም ያን ማለዳ አብሮት በበረሃው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሲናገር፣ ብርሃኑና ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ያሉት ቃል አንድ ብቻ እንደነበረ ይመስለዋል፦ «ሠራ»።