ልጃችን ሥዕል ልትማር ነው



ልጅዎ አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አጠገብዎ ቁጭ ብላ «አባ፣ ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል መማር እፈልጋለሁ» ብትልዎ ምን ይመልሱላታል?

ብዙዎቻችን ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፋችን ይወጣል። ከፊላችን «ሐራም ነው!» እንላለን። ከፊላችን ደግሞ «በሥዕል ማን እንጀራ በልቶ ያውቃል?» እንላለን። ሁለቱ መልሶች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለአላህ ድንበር ከመቆርቆር ሊመጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ለነገው ሪዝቅ ከመስጋት የመጣ ነው። ሁለቱም ስጋቶች የሚናቁ አይደሉም። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ዓይነት መልስ ነው፤ የኑሮን ፍርሃት የዲን ልብስ አልብሰን ለልጃችን የምንሰጠው። የአላህን ስም ለራሳችን ስጋት ጋሻ ስናደርገው ልጆቻችን ያውቁብናል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሥዕሉ ሳይሆን፣ ነገ ስለ ሐላልና ሐራም የምንነግራቸው ቃል ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ቤታችን ስለገባ ነው። የእህቴ ልጅ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተፈትና አለፈች። አባቷ አካውንቲንግ እንድትማር ነበር ሐሳቡ። እኔን አስጠርቶ «አንተን ትሰማለች፤ ንገራት» አለኝ። ምን እንደምነግራት ስላላወቅሁ አልነገርኳትም። «ግቢና ተማሪ፤ የምትማሪውን ግን ወር በወር ታሳዪኛለሽ» ብቻ አልኳት። አባቷ ለጥቂት ጊዜ አኩርፎኝ ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ምን ሆኖ ተገኘ? እውነቱን ለመናገር፣ ወላጅ እንደሚፈራው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያመጣችልኝ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በከሰል የተሠሩ ሣጥኖች ነበሩ። ከነጭ ይጀምሩና ደረጃ በደረጃ እየጠቆሩ ይሄዳሉ። ሌላ ምንም የለበትም። «ይህን ለመሥራት ነው ኮሌጅ የገባሽው?» ብዬ ስቄባታለሁ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ነጭ ነጠላ፣ በላዩም ሲኒና ጀበና መጣ። ይህንኑ ነጠላና ሲኒ ለብዙ ቀናት ደግማ ደጋግማ ሣለችው።

አንድ ቀን አስተማሪዋ ሥራዋን አይቶ «ሲኒውን ሳይሆን ስለ ሲኒ የምታውቂውን ነው የሣልሽው» አላት። ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ተቀምጠን ከጎን ስናየው ግን ክብ ሆኖ አይታየንም፤ እንደ እንቁላል የተጋደመና የጠበበ ነው። ጀማሪ ተማሪ ዓይኑ የሚነግረውን ትቶ ጭንቅላቱ የሚነግረውን ክብ ይሥላል። ነጠላውም እንደዚያው ነው። ነጭ መሆኑን ስለምናውቅ ነጭ አድርገን እንተወዋለን። ጥላ ውስጥ የወደቀው እጥፋቱ ግን፣ መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ከመታው ጥቁር ጀበና ይልቅ የጠቆረ ሊሆን ይችላል። ውድ አንባቢ፣ አሁን ያነበቡትን ጋዜጣ ወይም መጽሔት ጥላ ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ነገር ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርገው ቢሞክሩት ምን ያህል እንደሚያታልለን ያያሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ የተወለደውና በካይሮ የኖረው ኢብኑ አል-ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሰፊ ሥራው የዓይንን ነገር መርምሯል። ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነስቶ ወደ ዓይናችን እንደሚመጣ አስረዳ። ከዚህም አልፎ፣ አየን የምንለው ብዙው ነገር በዓይን ብቻ የተገኘ ሳይሆን አእምሯችን ከልምድ ተነስቶ የሚሰጠው ፍርድ መሆኑን፣ ፍርዱም ፈጣን ከመሆኑ የተነሳ መፍረዳችንን እንኳ እንደማናስተውል ጻፈ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሊቃውንት ሲማሩበት ኖረዋል። ዛሬ የሥዕል ተማሪ የሩቁን አሳንሶ የቅርቡን አጉልቶ ለመሣል የሚማረው የፐርስፔክቲቭ ስሌትም ከዚያ የዕይታ ጥናት ጅረት የጠጣ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «አስተማሪያችን ስለ ጣሊያኖቹ ብቻ ነው የነገረን» አለችኝ። እኛስ ነግረናት እናውቃለን?

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ያየነውን ትተን የምናውቀውን መሣል በወረቀት ላይ ብቻ የምንሠራው ስሕተት አይደለም። ስለ ጎረቤታችን ስንናገር የምንሥለው ሰውዬውን ነው ወይስ ስለ እሱ ቀድመን የያዝነውን? ቁርኣን ከጥርጣሬ ብዛት ያስጠነቅቀናል፤ ምስክርነትንም በሐቅ እንድንቆምበት ያዘናል። አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአንድ ሲኒ እውነተኛ ምስክር ለመሆን ሦስት ሳምንት ስትለፋ አይቼ፣ እኔ በአንድ የቡና ሰዓት ስንት ሰው ላይ መስክሬ እንደምነሳ ማሰቤ አልቀረም። ቁርኣን ወደ ግመሏ አፈጣጠር፣ ወደ ሰማይ ከፍታና ወደ ተራሮች አተካከል እንድንመለከት ሲጠራንም፣ ዓይን ጣል አድርገን እንድናልፍ አይመስለኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሲኒና ጀበና ነው። ችግሩ የመጣው በሁለተኛው መንፈቅ ነው። የሰው ፊት መሣል፣ ቀጥሎም በጭቃ የሰው ራስ መሥራት በትምህርቱ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ተጨንቃ መጣች።

እዚህ ላይ ነገሩን ማለሳለስ አልፈልግም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ምስል የሚሠሩ ሰዎችን በብርቱ ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች የተላለፈ ነው። በቂያማ ቀን ለሠሩት ነገር ሕይወት እንዲሰጡ ይጠየቃሉ፤ አይችሉምም። ሙሉ አካል ያለውን፣ ጥላ የሚጥለውን ሐውልት በተመለከተ አብዛኞቹ ዑለማዎች በክልከላው ተስማምተዋል። በጠፍጣፋ ነገር ላይ የሚሣለውን በተመለከተ ግን ልዩነት አለ፤ ብዙዎቹ ከልክለውታል፣ ከማሊኪያ መዝሀብ ሊቃውንት ዘንድ የጠላ ነገር (መክሩህ) ነው ያሉ አሉ። እስከ 1905 እ.ኤ.አ. የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሙሐመድ ዐብዱህ፣ አምልኮ የማይሰጋበትና ለዕውቀት የሚጠቅም ሥዕል እንደማይከለከል ጽፈዋል። ይህን አቋማቸውን ብዙ ዑለማዎች አልተቀበሉላቸውም። በ1908 እ.ኤ.አ. ልዑል ዩሱፍ ካማል በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ክርክሩ እልባት አላገኘም ነበር፤ ዛሬም አላገኘም።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁምና ፈትዋ አልሰጥም። ከልዩነቱ ውስጥ ለስሜቴ የሚቀለውን መርጦ መውሰድም፣ የሚከብደውን መርጦ በሌላው ራስ ላይ መጫንም ያው ስሜትን መከተል ይመስለኛል። በአንድ ነገር ግን ልዩነት የለም። በአንዳንድ አገሮች ኮሌጆች እንደሚደረገው ዐውራው የተገለጠ ሰው ፊት ተቀምጦ መሣል ቢመጣ፣ ያ የሥዕል ጥያቄ ሳይሆን የዐውራ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳት የኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። አንድ ሰው ወደ እሳቸው መጥቶ ኑሮው በእጁ ሥራ እንደሆነ፣ እነዚህን ምስሎች እንደሚሠራ ነገራቸው። እሳቸውም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ነገሩት። ሰውዬው ትንፋሹ ከበደው፤ ፊቱ ገረጣ። ኢብኑ ዐባስም በዚያው አልተዉትም። መሥራቱ የግድ ከሆነበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሁሉ እንዲሠራ መከሩት።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው እስከ መገርጣቱ ድረስ ብቻ ነው። የኋለኛውን እንተወዋለን። ኢብኑ ዐባስ ሕጉን አልሸሸጉም፤ የሰውዬውን እጅና ሙያ ግን አልናቁም። አንዱን በር ሲዘጉ ሌላውን በጣታቸው አመልክተዋል። እኛ አባቶችና አጎቶች «አይሆንም» ካልን በኋላ የትኛውን በር ነው የምናሳየው?

ደግሞስ ቤታችን ምን ይመስላል? የልጅቷ አባት የሰው ምስል ጉዳይ ሲነሳ ድምፁ ከፍ ይላል። ሱቁ ግድግዳ ላይ ግን የሳሙና ማስታወቂያ ሴት ፀጉሯን ዘርግታ ዓመቱን ሙሉ ትስቃለች። ዐይተናት ስለለመድናት አትታየንም። ይህን ስለው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በማግስቱ ስሄድ ማስታወቂያው የለም። የተለጠፈበት ቦታ ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ሥራው አክብሬዋለሁ።

ስለ እጅ ሙያ አንድ ነገር ካልተናገርኩ የልቤን አልተናገርኩም። በአገራችን ደጋማ ክፍል ሙስሊሙ ለብዙ ዘመን የመሬት ባለርስትነት በተነፈገበት ጊዜ፣ አባቶቻችን የኖሩት በንግድና በሽመና ነው። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ግን ሲሰደቡ ኖሩ፤ «ጠይብ» የሚለው ቃል እንኳ ስድብ ሆነ። የሚያሳዝነው ስድቡን እኛም መማራችን ነው። ዳዉድ (ዐ.ሰ) ጥሩር የሠሩ፣ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ የነበሩ ነቢያት መሆናቸውን በመድረሳ እያስተማርን፣ ልጃችን በእጇ ልትሠራ ስትነሳ እናፍራለን። «በሥዕል ማን እንጀራ በላ?» የሚለው ጥያቄ ውስጥ ይህ እፍረት አለ።

ሌላው አባቷን ያሳሰበው «እዚያ የእኛ የሆነ ምን አለ?» የሚለው ነበር። እውነት ነው፣ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከመመሥረታቸው በፊት በአገራችን የታወቀው ሥዕል በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ነበር። ግን የሐረር ቁርኣን ገልባጮችና መጽሐፍ ጠራዦችስ? ጌጠኛው የኅዳግ ሐረግ፣ በቆዳው ሽፋን ላይ የታተመው ቅርጽ፣ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌት የማን ነው?

ከጎረቤታችን ከሱዳን የወጣ ኢብራሂም አል-ሰላሒ የተባለ ሠዓሊ አለ። በ1930 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን ተወለደ፤ አባቱ የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ፊደል መጣል የጀመረውም እዚያ ነው። ከዚያ በካርቱም፣ ቀጥሎ በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1957 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ሥራዎቹን ሲያሳይ የአገሩ ሰው ዞር ብሎ ሳያየው ቀረ። ሥዕሉን ለጊዜው አቁሞ በአገሩ ውስጥ ዞረ፤ በየቤቱም ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የዐረብኛ ጽሑፍና ጌጣጌጥ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከፊደሉ ተነሳ። በ2013 እ.ኤ.አ. ቴት ሞደርን በለንደን ሥራዎቹን በሰፊው አሳየለት። እሱን በሁሉም ነገር አርአያ አድርጌ አላቀርበውም፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ፊቶች አሉ፣ ስለ ፊቶች ያልኩትን ብያለሁ። ግን የተወው ቁርኣን ቤት እንጂ ለንደን እንዳልሆነ፣ የመለሰውም እዚያው እንደሆነ ለልጅቷ ነገርኳት።

እኔም በልጅነቴ ሉሕ ላይ አሊፍን ስጽፍ ሸኻችን ቁመቱን በነጥብ ያስለኩን ነበር። በ940 እ.ኤ.አ. የሞተው የባግዳዱ ኢብኑ ሙቅላ ፊደልን በብዕር ነጥብ መለካትን ሥርዓት እንዳስያዘው ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀለማችን ከጥላሸት ነበር። ጣቶቻችን እንደ እህቴ ልጅ ጣቶች ጠቁረው ይውሉ ነበር፤ ማንም ግን «ይህ ምን እንጀራ ይሆንልሃል?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ለማንኛውም፣ ልጅቷ ለአስተማሪዋ ሄዳ ችግሯን በግልጽ ነገረችው። እሱም «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አላት። ሌላዋ አስተማሪ ግን በፊት ፋንታ የእጥፍ ልብስና የዛፍ ግንድ እንድትሠራ ፈቀደችላት። በዚያ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ዝቅ ያለ ነው። አላማረረችም፤ እኔ ነኝ ያማረርኩላት።

በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ አባቷን ይዤው ሄድኩ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሁሉንም በዝምታ አለፈ። የጀበናዋ ሥዕል ጋ ሲደርስ ቆመ። ጠጋ አለ። «ይህቺ አፏ የተሸረፈችው የእማማ ጀበና አይደለችም?» አለ። እህቴ ቤቱን ሁሉ ስትፈልጋት የሰነበተችው ጀበና ናት፤ ለካ ኮሌጅ ነበረች። ሽርፏ ሳይቀር በከሰል ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። «ይህችን ሽርፍ እኔ ነበርኩ የሰበርኳት፣ ልጅ ሆኜ» አለና ሳቀ።

የጭቃው ራስ ትምህርት ለሁለተኛው ዓመት ተላልፏል። ሕጉን ለመጠየቅ በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወደ ሸኻችን አብረን እንሄዳለን፤ ልጅቷም፣ አባቷም፣ እኔም። ጥያቄውን የምታቀርበው ራሷ እንድትሆን ያለው አባቷ ነው።