ያላየነውን ቆጠራ ስለ ማመን

ሰው ሊመረምረው የማይችለውን ነገር እንዲያምን መገደድ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በሺሺንዳ ገበያ ያገኘሁት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «መምህር፣ በወረቀት መምረጥ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብንመርጥ፣ ድካሙም ሌብነቱም አይቀርምን?» አለኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ልጅ ፈተና ስደምር ዐሥር ማርክ አጎደልሁበት። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ እንድደምርለት ቢለምነኝ፣ ተቈጥቼ መለስሁት። ሌሊቱን ግን ኅሊናዬ አላስተኛኝምና በማግሥቱ አስጠርቼ ብደምረው፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ሆኖ ተገኘ። እኔ ተሳሳትሁ እንጂ ሌባ አልነበርሁም። ወረቀቱ በእጁ ባይኖር ግን ልጁ ክፍል ይደግም ነበር። እንግዲህ የቆጣሪው ታማኝነት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የከፋ ሕዝብ ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር በአንድ ክልል ለመደራጀት ድምፁን የሰጠው በወረቀት ነበር። በእንዲህ ያለው ምርጫ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ባዶው ሳጥን ለታዛቢዎች ይታያል፤ ድምፁ በምርጫ ጣቢያው ይቆጠራል፤ ውጤቱም በዚያው ይለጠፋል። ወረቀትም ይሰረቃል፤ ነገር ግን ሌባው በብዙ ዓይን ፊት ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በመሣሪያው ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ የሚለውጥ ሰው ግን ኮቴው ሳይሰማ የብዙ ሰው ድምፅ ሊያዛውር ይችላል።

የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ምርጫ ያገለገሉትን መሣሪያዎች ሕገ መንግሥቱን የሚጥሱ ናቸው ሲል ፈረደ። ማጭበርበር መደረጉ ተረጋግጦ አልነበረም። ማናቸውም ዜጋ፣ የተለየ ዕውቀት ሳያስፈልገው፣ የድምፁን አቆጣጠር ሊመረምር ይገባዋል ማለቱ ነው። በመሣሪያ በምትመርጠው በሕንድም፣ መራጩ የመረጠውን በዓይኑ የሚያይበት የወረቀት ምስክር እንዲጨመር ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. አዘዘ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ መሣሪያን አትጥሉ። ሰውንም ሁሉ ሌባ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ። ነገር ግን ቡናዋን ለመሸጥ የመጣች ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ሚዛኑን በዓይኗ ሳታይ ዋጋ አትቀበልም። ድምፅ ከቡና ያንሳልን? ነገ መሣሪያ ቢመጣላችሁ፣ ደግሞ የሚቆጠር ወረቀት እንዲኖረው ጠይቁ። የሚቆጥርላችሁም ሰው ጥያቄያችሁን እንደ ስድብ አይቁጠረው፤ እኔ በዚያ ልጅ ላይ የተቈጣሁት ቍጣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛልና።